የሚያስማማ ጠበቃ መያዝ መሸነፍ አይደለም፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው አንብቦታል። ደንበኞቼም እየደወሉ «ይህ ነገር እውነት ነው ወይ?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጽሑፉ የሚቃወመው ጉዳይን በችሎት ከመከራከር ይልቅ በድርድር ለመጨረስ ብቻ ተብሎ የሚቀጠረውን ጠበቃ ነው። ጸሐፊው «የስምምነት ጠበቃ» ይሉታል፤ እኔም በዚሁ ስም እቀጥላለሁ። ጽሑፉ በምሬት የተጻፈ ነው፤ ምሬቱ ከየት እንደመጣ ችሎት በር ላይ ተራ ሲጠብቅ ውሎ ቀጠሮ ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ምሬቱ ተገቢ ስለሆነ መደምደሚያው ትክክል ነው ማለት አይደለም። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ችሎት ቆሜ እከራከራለሁ፣ ለመደራደር ብቻም እቀጠራለሁ። አንባቢ የምለውን ይህን አውቆ ይመዝነው።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ይህ አሠራር ከአሜሪካ የተቀዳ ነው፣ እኛ ሽማግሌ እያለን ዕርቅን በገንዘብ መግዛት የለብንም ይላሉ። ለክርክር አንድ፣ ለስምምነት ሌላ ጠበቃ መያዝ ወጪን እጥፍ ያደርጋል፤ የስምምነት ጠበቃው የሚከፈለው ሲያስማማ ስለሆነም በማንኛውም ዋጋ ያስፈርማል ይላሉ። ቀድሞ «እንስማማ» ያለ ወገን ማስረጃ እንደሌለው ያሳብቅበታል፤ በዝግ ቤት የሚያልቅ ጉዳይ ደግሞ ኃይለኛው ደካማውን የሚጫንበት፣ እውነትም ተዳፍና የምትቀርበት ነው ይላሉ። በመጨረሻም የስምምነት ወረቀት ሌላው ወገን ከካደ ዋጋ ስለሌለው ዞሮ ዞሮ ፍርድ ቤት መሄድ አይቀርም ሲሉ ይደመድማሉ። ከእነዚህ ውስጥ የማልቀበላቸው አሉ፤ በከፊል የምቀበላቸውም አሉ።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት መጥራት ያለበት አንድ መደናገር አለ። ጸሐፊው በአንድ ቦታ «ዳኛውን በገንዘብህ ትመርጣለህ» ይላሉ። ይህ አነጋገር የሚመለከተው የግልግል ዳኝነትን ነው እንጂ የስምምነት ጠበቃን አይደለም። መደናገሩ የሚገባ ነው፤ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ ሕግ ውስጥ ይዟቸዋል። የግልግል ዳኛ ግራና ቀኙን ሰምቶ ይወስናል፣ ውሳኔውም ያስገድዳል። አስታራቂ አይወስንም፤ ተከራካሪዎቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ይረዳል። የስምምነት ጠበቃ ከሁለቱም አይደለም። ገለልተኛ አይደለም፣ እንዲሆንም አይጠበቅበትም፤ የቆመው ለአንድ ወገን ነው። ከክርክር ጠበቃ የሚለየው በሥራው ግብ ብቻ ነው፦ የደንበኛውን ጥቅም ፍርድ ሳያስፈልግ በውል ማስከበር። ይህ ልዩነት ካልተያዘ ቀሪው ክርክር ሁሉ ወደ ሌላ ዒላማ የተወረወረ ይሆናል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ። አሠራሩ በዚህ መልኩ የተደራጀው አሜሪካ ውስጥ መሆኑ እውነት ነው። በሚኒያፖሊስ ከተማ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ የነበሩት ስቱዋርት ዌብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት ቆመው እንደማይከራከሩ፣ ጉዳይ የሚይዙት ለማስማማት ብቻ እንደሆነ አሳወቁ። የእርሳቸው ዘዴ አንድ ጠንካራ ሁኔታ ነበረው፤ ድርድሩ ከከሸፈ የሁለቱም ወገን ጠበቆች ከጉዳዩ ይወጣሉ፣ ለክርክሩ ሌላ ጠበቃ ይያዛል። ይህን ያደረጉት ጠበቃው ከክርክሩ መቀጠል የሚያገኘው ጥቅም እንዳይኖር ነው። የሐሳቡ የትውልድ ቦታ ግን ለእኛ ይበጃል ወይስ አይበጅም ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከውጭ ሕጎች ብዙ ወስዷል፤ ዛሬ ቤት የምንሸጠውና የምናከራየው በእርሱ ነው።

ሽማግሌን በሚመለከት ከጸሐፊው ጋር የምጣላበት ነገር ያለ አይመስለኝም። ሽማግሌ የሚሠራውን ጠበቃ ሊሠራው አይችልም። የተኳረፉ ወንድማማቾችን በአንድ ክፍል አስቀምጦ፣ የእናታቸውን ስም ጠርቶ፣ አንዱን ገሥጾ ሌላውን አባብሎ ማስታረቅ ጥቁር ካባ የሚሰጠው ሥልጣን አይደለም። የጉራጌ የጆካ ሸንጎም ሆነ የሲዳማ አፊኒ፣ የየመንደሩ ሽምግልናም ጭምር ከማንኛውም አዋጅ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ወደፊትም ያስፈልጋሉ።

የሽማግሌ ዕርቅ ከምርቃቱ በኋላ የሚገጥመውን ነገር ግን ጸሐፊው አላነሡም። ደጋግሜ ያየሁትን ዓይነት ጉዳይ ላንሣ። ወላጆቻቸውን ያጡ አራት ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ቤት ይጣላሉ። ሽማግሌዎች ገብተው ታላቅየው ቤቱን ይዞ ለሦስቱ ድርሻቸውን በገንዘብ እንዲከፍል ያስማማሉ፤ ወረቀት ተጽፎ ይፈረማል፤ ሁሉም ይቃቀፋሉ። ካርታው በስሙ ሊዛወር ሲሄድ ችግሩ ይጀምራል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ይደነግጋል። የሽማግሌዎቹ ወረቀት ይህን አላሟላም። ዋሽንግተን የምትኖረው እህት ደግሞ በወኪል ነበር የፈረመችው። የሕጉ ቁጥር 2205 ወኪል ስለ ሌላው ሆኖ ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል ይላል፤ የእርሷ ውክልና «ጉዳዬን ይከታተልልኝ» ከማለት ያለፈ አልነበረም። አዲስ ውክልና በኤምባሲ በኩል ተዘጋጅቶ፣ አዲስ አበባ መጥቶ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እስኪደርስ የቤቱ ዋጋ ይጨምራል። ዋጋው ሲጨምር አንዱ ወንድም «ያኔ የተስማማሁት በርካሽ ነው» ይላል፤ የታረቁት እንደገና ይካሰሳሉ። ሽማግሌዎቹ ያጠፉት ነገር የለም፣ ሰዎቹን አስታርቀዋል። የጎደለው ዕርቁን ሕግ ወደሚያውቀው ውል የሚለውጥ ሰው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል፤ ከሥሩ የመጀመሩን ሥራ ሽማግሌ ይችልበታል፣ እስከ መዝገብ ቤት ማድረሱ ግን የጠበቃ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የገንዘቡ ጉዳይ፣ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ወጪው እጥፍ ይሆናል የሚለው ስሌት ሁለቱ ጠበቆች አንድ ዓይነት ሥራ ለእኩል ጊዜ እንደሚሠሩ ያስባል። በተግባር እንዲህ አይደለም። የስምምነት ጠበቃ የሚቀጠረው ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር፣ በቁርጥ ክፍያ ነው። ክስ ሳይቀርብ ከተሳካ በተጠየቀው ገንዘብ ልክ እየተሰላ የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያ አይኖርም። ካልተሳካ ደንበኛው የከፈለው ትርፍ ወጪ አለ፤ ይህን አልክድም። ይህ ወጪ መመዘን ያለበት ግን ከዜሮ ጋር አይደለም፣ ክርክሩ ከሚያስወጣው ጋር ነው።

ክርክር የሚያስወጣውን ደግሞ በጠበቃ ክፍያ ብቻ የሚቆጥር ሰው ትልቁን ዕዳ ይረሳል። ሦስት ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ነጋዴ እናስብ። ክስ ይቀርባል፣ መከላከያ መልስ ይመጣል፣ ክስ ይሰማል፣ ጭብጥ፣ ማለትም የሚያከራክረው ነጥብ፣ ይያዛል፣ ምስክር ይሰማል። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ፍርድ ቤት ዝግ ነው፤ ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ይጠበቃል። ከፍርድ በኋላ የተሸነፈው በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል፤ ከዚያ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው ሰበር ችሎት አለ። በዚህ ሁሉ አራት ዓመት ሄደ እንበል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1751 ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ የአራት ዓመቱ 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ብር ይሆናል። ነጋዴው ሙሉ በሙሉ አሸንፎ 4 ሚሊዮን 80 ሺህ ብር ይፈረድለታል። በእነዚያ ዓመታት የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ በ25 በመቶ ቢጨምር ግን መጀመሪያ በሦስት ሚሊዮን ይገዛ የነበረው ዕቃ አሁን ከ7 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ነው። ይህን ያህል ንረት ከየት አመጣህ የሚለኝ ቢኖር፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ እንደነበር የረሳ ነጋዴ አላውቅም። ስለዚህ ይህ ሰው ክርክሩን አሸንፎ ገንዘቡን ተሸንፏል። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ተቀብሎ ቢገላገል ይሻለው ነበር፤ ይህን በጊዜው ቁጭ ብሎ ከእርሱ ጋር የሚያሰላ ሰው ግን አልነበረውም።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፦ ንረቱ ለተበዳሪው የሚጠቅም ከሆነ ተበዳሪው ለምን ይስማማል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ጠበቆች የሚያስፈልጉበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ይታያል። ተበዳሪው እንዲስማማ የሚያደርገው መዘግየት ለእርሱም ዋጋ ሲኖረው ነው። የክርክር ጠበቃው ክሱን አቅርቦ በመጋዘኑ ወይም በተሽከርካሪዎቹ ላይ የእግድ ትእዛዝ ካስወጣ፣ ሰውየው ንብረቱን መሸጥም ሆነ አስይዞ ከባንክ መበደር አይችልም። ያን ጊዜ ስልክ ይነሣል። ስልኩን የሚያነሣው ያው ያሳገደው ጠበቃ ቢሆን ንግግሩ በንዴት ይጀምራል፤ ትናንት በማመልከቻው «አታላይ» ያለውን ሰው ዛሬ «ወንድሜ» ቢለው ማንም አያምነውም። ሌላኛው ጠበቃ ግን ያንን ሸክም አልተሸከመም። አንዱ መዝገቡን ሳያላላ ይይዛል፣ ሌላው በሩን ክፍት ያደርጋል።

አንድ ጠበቃ ሁለቱንም ቢይዝ ምን ይጎድላል? ብዙ ጊዜ ይያዛል፤ በእውነተኛ ሰዎች እጅ ይሠራልም። ነገር ግን የክርክር ጠበቃ ክፍያ በተለምዶ ከክርክሩ ደረጃዎች ጋር የተያያዘ ነው፤ መዝገቡ በቶሎ ሲዘጋ የሚቀርበት ነገር አለ። ሐቀኛ የሆነው እንኳ ሥራው በደንበኛው ጉዳይ ማመን ነው፤ ለችሎት ሲዘጋጅ የተቃራኒውን ክርክር የሚያጠናው ሊያፈርሰው እንጂ ሊረዳው አይደለም። ከበላ ልበልሃ ዘመን ጀምሮ ተሟግቶ የረታን ሰው እናከብራለን፤ ጠበቃም ሰው ነውና ይህን ክብር ይፈልጋል። ለመረዳት የተቀጠረ ሰው ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ሰው ከገንዘቡ በስተጀርባ የሚፈልገው ምንድን ነው? የሚፈራውስ?

የስምምነት ጠበቃው በማንኛውም ዋጋ ያስፈርማል ለሚለው ክስ ግን ጸሐፊውን በግማሽ አመሰግናለሁ። ክፍያው ስምምነት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ አደጋው እውነት ነው። የክርክር ጠበቃ ለማራዘም ሊፈተን እንደሚችል ተናግሬ የስምምነት ጠበቃ ለማሳጠር አይፈተንም ብል ፍትሐዊ አልሆንም። መፍትሔው ያለው በውሉ ላይ ነው። ክፍያው ቁርጥ ይሁን፤ ተስማሙም አልተስማሙም ያው ይከፈል። ውክልናው ለመደራደር ይሁን እንጂ ለመፈረም አይሁን፤ ከላይ የጠቀስኩት ቁጥር 2205 ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን መጠየቁ ለደንበኛው መከላከያ ነው፣ ያንን ሥልጣን አለመስጠት ይችላል። ረቂቁ ከመፈረሙ በፊት የክርክር ጠበቃው ወይም ሌላ የሕግ ባለሙያ ያንብበው። እነዚህን ሦስቱን የማይቀበል የስምምነት ጠበቃ ካጋጠማችሁ የጸሐፊውን ምክር ተከተሉ፤ ትታችሁት ሂዱ።

የስቱዋርት ዌብን «ካልተስማማን ጠበቆቹ ይውጡ» የሚለውን ሁኔታም ለሁሉም ሰው አልመክርም። አዲስ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ያለው ወገን ድርድሩን ሆን ብሎ አክሽፎ ሌላውን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። ተመጣጣኝ አቅም ላላቸው ባልና ሚስት ይሠራል፤ ለድርጅትና ለተሰናበተ ሠራተኛ አይሠራም።

ሌላም የምቀበለው አለ። የሃምሳ ሺህ ብር ጉዳይ ያለው ሰው ሁለት ጠበቃ ይያዝ ማለት ቀልድ ይሆናል። እርሱ ወደ ሽማግሌ ይሂድ፣ ወይም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በተደነገገው ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ይጠቀም። ጸሐፊው ይህን አሠራር ጨርሶ አለመጥቀሳቸው ገርሞኛል፤ ሕጉ ራሱ ዳኛው ዘንድ የደረሰ ጉዳይ ወደ አስማሚ እንዲመራ መንገድ ከፍቷልና።

«ቀድሞ እንስማማ ያለ ደካማ ነው» የሚለውን አጠር አድርጌ ልለፈው። ደካማነት የሚታየው ሰው ክሱን ሳያዘጋጅ፣ ማስረጃውን ሳይሰበስብ፣ በፍርሃት ሲደውል ነው። ማስረጃውን አደራጅቶ፣ ከፈለገ ክሱን አቅርቦ፣ ከዚያ «የሚያነጋግርህን ሰው ልኬልሃለሁ» የሚል ወገን ደካማ መስሎ አያውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ከትልልቅ ድርጅቶች ጋር ተደራድሬ እንዳየሁት ለመደራደር ፈጥነው የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ መዝገባቸው የተስተካከለላቸው ናቸው። ለጥንቃቄ ያህል አንድ ነገር ልጨምር፦ በአስታራቂ ፊት የሚነገር ነገር ከላይ በጠቀስኩት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የሚስጥር ጥበቃ አለው፤ ያለ አስታራቂ በጠበቆች መካከል ብቻ የሚደረግ ንግግር ግን ያንኑ ጥበቃ ያገኛል ብሎ መተማመን አይገባም። ስለዚህ ድርድሩ ሳይጀመር «እዚህ የተባለው ሁሉ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም» የሚል አጭር ውል ይፈረማል። ጸሐፊው የፈሩት መጋለጥ የሚከላከለው በዚህ ነው።

አሁን ከሁሉ የከበደው ነጥብ ላይ ደርሻለሁ፦ ዝግ ቤትና ደካማው ወገን።

እዚህ ብዙ የምስማማበት አለ። በትዳር ውስጥ ድብደባና ማስፈራራት ካለ «ተደራደሩ» ማለት ተጎጂዋን ለዳግም ጥቃት አሳልፎ መስጠት ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ደህንነቷ ነው፣ ስምምነት አይደለም። ወንጀልን በተመለከተም በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስከስሱት በቀር በግል ዕርቅ የሚቀር ክስ የለም፤ «ከፍለን ዝም አሰኘነው» የሚሉ ሰዎች ሕግ የማያውቀውን ነገር ነው የሚያደርጉት። አንድ አሠሪ በብዙ ሠራተኞች ላይ ተመሳሳይ በደል እየፈጸመ እያንዳንዱን በሚስጥር ውል ቢያስፈርም፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ሳያውቅ ይገባል። ይህን የተረዱ አገሮች ሚስጥሩን ገድበውታል፤ በካሊፎርኒያ ግዛት ከጥር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍርድ ቤት በደረሱ የወሲብ ትንኮሳ ጉዳዮች የድርጊቱን እውነታ የሚደብቅ የስምምነት አንቀጽ ተከልክሏል። የገንዘቡ መጠን ሚስጥር ሊሆን ይችላል፣ የሆነው ነገር ግን አይደበቅም። እኛም እንዲህ ያለ ገደብ ቢኖረን እደግፋለሁ።

ከዚያ አልፎ ግን ጸሐፊው «ስለዚህ ችሎት ለደካማው ይሻላል» ሲሉ አልከተላቸውም። ችሎት ግልጽ ነው፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። በግልጽ ችሎት አንዱ በሦስት ጠበቃ፣ ሌላው ያለ ጠበቃ የሚቆምበት ቀን ግን ስንት ነው? የሚያደክመው ቀጠሮ የሚከብደው ለማን ነው? ያለ አግባብ ተሰናብታ ወደ ሥራዬ ልመለስ የምትል ሠራተኛ ጥያቄዋን በ3 ወር ውስጥ ካላቀረበች በይርጋ ይታገድባታል፤ ካቀረበች በኋላ ደግሞ የምትጠብቀው ያለ ደመወዝ ነው። የቤት ኪራይ ቀጠሮ አይሰጥም። ለእርሷ በሁለተኛው ወር የሚገኝ የስድስት ወር ደመወዝና የተስተካከለ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሚመጣ ሙሉ ድል ሊበልጥ ይችላል። ሊበልጥ ይችላል አልኩ እንጂ ይበልጣል አላልኩም፤ የምትመርጠው እርሷ ናት። የሁለቱን መንገዶች ስሌት ፊቷ አስቀምጦ «ይህን ብትወስጂ ይህ ይቀርብሻል» የሚላት የራሷ ጠበቃ ያስፈልጋታል።

የጸሐፊው ፍርሃት ትክክል የሚሆነው ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠበቃ ብቻ ሲኖር ነው። በዚህ ላይ ቃሌን አላለዝብም፦ አንዱ ወገን ጠበቃ ይዞ ሌላው ሳይዝ የሚደረግ ድርድር አደገኛ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 የዕርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ እንደሚቆጠር፣ «መብቴን አላወቅሁም ነበር» ተብሎም እንደማይፈርስ ይናገራል። ተገዶ የፈረመ ይከራከራል፤ በስሕተት መብቱን አሳንሶ የፈረመ ግን መውጫው ጠባብ ነው። እንግዲህ ይህ ድንጋጌ ለማን ይከራከራል? እኔ እንደማየው ደካማው ወገን ሳይፈርም በፊት የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል ይላል። በጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚተዳደሩ ጠበቆች ነጻ የሕግ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ይህ ሰዓት በችሎት ለሚቆሙ ጉዳዮች ብቻ ሳይሆን ለድርድርም እንዲውል ቢበረታታ ጸሐፊው የፈሩትን ክፍተት ይሞላል። ይህን ጥያቄ አብረን ብናነሣ ደስ ይለኛል።

«ሁሉም በስምምነት ካለቀ ሕግ አያድግም» የሚለውም ሐሳብ እዚሁ ውስጥ አለ። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አዲስ የሕግ ጥያቄ ያለበት ጉዳይ እስከዚያ ቢደርስ አገር ይጠቀማል። እውነቱን ለመናገር ግን ከተራው ጉዳይ አብዛኛው የሕግ ጥያቄ የለውም። ገንዘቡ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም? ዕቃው ተበላሽቶ ነው የደረሰው? ግድግዳው ከወሰን አልፏል? ይህን ለመወሰን ሰበር አያስፈልግም። ለሕግ ዕድገት ሲል የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ እንዲሠዋ ማንንም መጠየቅ አንችልም።

ዝግ ቤት የሚሰጠው ጥቅምም አለ፤ በጽሑፉ ውስጥ አላገኘሁትም። ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን ዳኝነት አይሰጥም፤ የሚፈርደውም በሕግ ሊጠየቅ በሚችለው ላይ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያላቸው ሁለት ሸሪኮች ቢጣሉና ጉዳዩ ችሎት ቢደርስ መጨረሻው ማኅበሩ ፈርሶ፣ ሒሳብ አጣሪ ተሹሞ፣ ንብረቱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። በሐራጅ የሚሸጥ የጭነት መኪና ደግሞ ያለ ዋጋው ይሄዳል። በድርድር ግን አንዱ መኪኖቹን ከነባንክ ዕዳቸው ይወስዳል፣ ሌላው መጋዘኑንና የውጭ አቅራቢውን ይይዛል፤ ዕዳውን በጋራ የዋሱት ነበሩና ባንኩ አንዱን ከዋስትና እንዲለቅ አብረው ይጠይቃሉ፤ ለሁለት ዓመት አንዱ የሌላውን ደንበኛ ላያባብል ይስማማሉ፤ ለሠራተኞቹም የሚነገረው ቃል አንድ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚጽፍ ፍርድ የለም፤ ዳኛው ስላልፈለገ አይደለም፣ ሥልጣኑ አይደለምና ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ወረቀቱ ነው። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት በአንድ ሰው ታሪክ ነው፦ ሰውየው ዕዳው በአምስት ጊዜ እንዲከፈለው ተስማምቶ ፈረመ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ተቀበለ፣ ከዚያ ወዲያ ተበዳሪው ስልክ ማንሣት ተወ። ሰውየው ለፍርድ ቤት አዲስ ክስ ይዞ ሄደ። ጸሐፊው ከዚህ «ስምምነት ከንቱ ነው» የሚል ትምህርት ወስደዋል። ታሪኩ እንደተጻፈ ከሆነ ግን የጎደለው ሌላ ነው። የክፍያ ቀኖች አልተጻፉም፤ ዋስ የለም፤ የተመዘገበ መያዣ የለም፤ አንድ ክፍያ ካለፈ ቀሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈላል የሚል አንቀጽ የለም፤ የመዘግየት መቀጫም የለም። ሰውየው የተጎዳው የስምምነት ጠበቃ ስለያዘ አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ ጠበቃ የሚባል ሰው ጭራሽ የለም።

ሌላም ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 እስከ 277 ባለው ተከራካሪዎች ከፍርድ በፊት በማንኛውም ጊዜ መታረቅ እንደሚችሉ፣ ስምምነቱም ከሕግና ከሞራል የማይቃረን ከሆነ ፍርድ ቤቱ መዝግቦት እንደ ፍርድ ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። ክስ ከቀረበ በኋላ የተደረገ ስምምነት በዚህ መንገድ ከተመዘገበ፣ ክፍያ ሲቋረጥ አዲስ ክስ አያስፈልግም፤ በቀጥታ አፈጻጸም ይጠየቃል። ክስ ሳይቀርብ የተደረገ ስምምነት ይህ ጉልበት የለውም፤ ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። የዚያን ጊዜ ክስ ማቅረብ ያስፈልጋል፣ ነገር ግን በቁጥር 3312 ምክንያት የዕዳውን መኖር እንደገና ማስረዳት አይጠበቅም፤ ተከሳሹ ሊከራከር የሚችለው ስለ አከፋፈሉ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ደንበኞቼን ክሱን አቅርበን እንደራደር፣ ስምምነቱንም መዝገቡ ላይ እናሳርፈው የምላቸው። በዚያው የይርጋም ስጋት ይወገዳል። ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠይቅ ሰው በቁጥር 2143 መሠረት ሁለት ዓመት ብቻ አለው፤ «እየተነጋገርን ነው» እየተባለ ሁለተኛው ዓመት ሲያልፍ ያየሁት ባለጉዳይ አንድ አይደለም።

የጽሑፉ ባለታሪክ አሁንም መንገድ አለው። በእጁ ያለው ወረቀት ተበዳሪው ዕዳውን አምኖ የፈረመበት ጽሑፍ ነው። አዲሱ ክሱ ገና ካልተወሰነ፣ መጀመሪያ የተበዳሪውን ንብረት ለይቶ እግድ ይጠይቅ፤ ከዚያ ተበዳሪው ሲደውል ንግግሩን ለሌላ ጠበቃ ሰጥቶ፣ ቀንና ዋስ ያለው አዲስ ስምምነት አስጽፎ በያዘው መዝገብ ላይ ያስመዝግብ።